ልብ ወለዴ ከእጄ እያመለጠ ነው፤ እናንተ በምን ትጽፋላችሁ?

ማለዳ፦

ጤና ይስጥልኝ የድርሰት ወዳጆች። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። 22 ምዕራፍ ደርሻለሁ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው በወርድ ፋይል ተቀምጧል። ማስታወሻዬ ደግሞ ግማሹ ስልኬ ላይ፣ ግማሹ ደብተር ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከመጀመሪያው ጀምሬ ላንብበው ብዬ ቁጭ አልኩ። ደነገጥኩ። የዋናዋ ገጸ ባሕርይ ታላቅ እህት ምዕራፍ 4 ላይ የሦስት ወር እርጉዝ ናት። የምትወልደው ምዕራፍ 17 ላይ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ስቆጥረው ከዓመት አለፈ። ዋናዋ ራሷ ደግሞ አንድ ቦታ «ሐና»፣ ሌላ ቦታ «ሀና»፣ ሌላ ቦታ «ሃና» ናት።

ከዚያ ወዲህ መጻፉን ትቼ አፕ ሳወርድ ከረምኩ። ስድስት ሞከርኩ። አንዱን በቅጡ ሳልለምደው ወደ ሌላው እዘላለሁ። የምር የጠቀማችሁን ብቻ ንገሩኝ።

ነጠላ ሰረዝ፦

ማለዳ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለ22ኛው ምዕራፍ አበቃሽ። ቀላል መንገድ አይደለም። እኔ ሁለት ልብ ወለድ ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ነኝ። የነገርሽን ሁሉ ደርሶብኛል። አፕ ማውረዱን ለጊዜው ተይው። አሁን ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ይበቃሻል።

22ቱን ምዕራፎች ወደ አንድ የወርድ ፋይል አምጪያቸው። የምዕራፉን ርዕስ ፊደሉን በማድመቅ ብቻ አትለፊው፤ «ሄዲንግ 1» የሚለውን ስታይል ስጪው። ለየትዕይንቱ ደግሞ አጭር ርዕስ አውጪለትና «ሄዲንግ 2» አድርጊው፤ ርዕሱን በኋላ ትሰርዢዋለሽ። ከዚያ «ቪው» ውስጥ ገብተሽ «ናቪጌሽን ፔን»ን ክፈቺ። መጽሐፍሽ በሙሉ በጎን ተዘርዝሮ ይታይሻል። ምዕራፍ 9ን ይዘሽ ከምዕራፍ 6 በፊት ብትጎትቺው ጽሑፉ በሙሉ አብሮት ይሄዳል። ነጻው የጽሕፈት ፕሮግራም ሊብሬኦፊስም «ናቪጌተር» የሚባል አለው። እኔ ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ መጽሐፌን ቆርጬ ስለጥፍ አንድ ሙሉ ትዕይንት ጠፋብኝ። ደግሜ ጻፍኩት፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም። ዛሬም ይቆጨኛል።

የእርግዝናውን ነገር የሚፈታልሽ ኤክሴል ነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ረድፍ ስጪ። ምዕራፉ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ በማን ዓይን እንደምናየው፣ በመጨረሻም በትዕይንቱ ምን እንደተለወጠ። ቀኑን «ከጥቂት ሳምንታት በኋላ» ብለሽ እንዳታልፊው። ልብ ወለዱ ውስጥ ባይጠቀስም ቁርጥ ያለ ቀን፣ ወርና ዓመት ስጪው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ስለሆነ በዚያው አስገቢ። አንዱን ቀን ከሌላው ስትቀንሺ በመሃል ስንት ቀን እንዳለ ይነግርሻል። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር 280 ቀን ገደማ ነው። እንግዲህ ሦስት ወር ለሞላት ሴት የሚቀራት 190 ቀን አካባቢ ነው። ሠንጠረዡ ቢኖርሽ ኖሮ ጉዳዩ ገና ከሩቅ ይታይሽ ነበር። (ታሪካዊ ልብ ወለድ ለሚጽፍ፦ ኤክሴል ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አይቆጥርም። የሊብሬኦፊሱ ሠንጠረዥ መሥሪያ ካልክ ግን ይቆጥራል።)

የመጨረሻዋን ዓምድ፣ «ምን ተለወጠ?» የምትለዋን፣ አደራ አትዝለያት። ለኔ ከሠንጠረዡ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። እዚያ የምጽፈው ካጣሁ ትዕይንቱ ቆሟል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከሁለተኛው መጽሐፌ አራት ትዕይንት አውጥቻለሁ። አንዱን በጣም እወደው ነበር። ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ያወራሉ፤ ሲነጋ ግን ሁለቱም እንደ ማታው ናቸው።

አሁን ወደ ሐና። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሐና» ብለሽ ስትፈልጊ «ሃና»ን አያመጣልሽም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ጎን አንድ ገጽ ክፈቺና የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ስም በመረጥሽው ፊደል አስፍሪ። ያልመረጥሻቸውን አጻጻፎች ተራ በተራ እየፈለግሽ አርሚ። ዕድሜውን፣ የዓይኑን ቀለም፣ ማንን «አንተ» ማንን «እርስዎ» እንደሚልም እዚያው ጻፊ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አማቱን ምዕራፍ 3 ላይ «እርስዎ» ያለ ሰው ምዕራፍ 11 ላይ ያለ ምክንያት «አንቺ» ካላት አንባቢው ይደናቀፋል።

ስትቀይሪ ሁሉንም በአንዴ የሚቀይረውን «ሪፕሌስ ኦል»ን አትንኪ። አበበ የሚባል ገጸ ባሕርይ ነበረኝ። ስሙን ተስፋዬ ላድርገው ብዬ በአንዴ ቀየርኩት። «ዛፉ አበበ» የሚለው «ዛፉ ተስፋዬ» ሆነ። «ጽጌረዳዋ አበበች» ደግሞ «ጽጌረዳዋ ተስፋዬች»። ያየችልኝ የመጀመሪያ አንባቢዬ ናት። «ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ» የሚለውም አያድንሽም። የአበበ፣ ለአበበ፣ አበበን የሚሉት ሁሉ ያመልጡሻል፤ በአማርኛ እነዚህ ከስሙ ጋር ተጣብቀው ነው የሚጻፉት። አንድ በአንድ እያየሽ ቀይሪ። አንድ ከሰዓት ይፈጅብሽ ይሆናል፤ ይፍጅ።

የቀለም ልጅ፦

እኔ የምጽፈው በስክሪቭነር ነው። ለረጅም ድርሰት ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ መጀመሪያ ለማክ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ትዕይንቶቹ እንደ ካርድ ሰሌዳ ላይ ተሰክተው ይታዩኛል። ከሁሉ የምወደው «ስናፕሾት» የሚለውን ነው። አንድን ትዕይንት እንደገና ከመጻፌ በፊት በእሱ እንዳለ ቅጂ አነሳለታለሁ፤ አዲሱ ካልጣመኝ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ። የሙከራ ጊዜው 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ደግሞ የተጠቀምሽበት ቀን ብቻ ነው።

ግን ማለዳ፣ 22ኛው ምዕራፍ ላይ ሆነሽ አትግቢበት። ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ለሚቀጥለው መጽሐፍሽ አቆዪው። ከገባሽበትም አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የስክሪቭነር ፕሮጀክት ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ያሉበት ማኅደር ነው። በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ብትከፍቺው ሊደባለቅብሽ ይችላል።

ቅጂ መያዝሽን አልነገርሽንም። ሦስት ቅጂ ይኑርሽ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ ኮምፒውተርሽ፣ ፍላሽና ጉግል ድራይቭ። ዛሬውኑ አድርጊው።

ጆሮ፦

ስለ ማድመጥ የተናገረ ስለሌለ ልጨምር። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር ጽሑፍን ጮክ ብሎ ያነባል። አማርኛም አለው፤ የሴትም የወንድም ድምፅ። ምዕራፌን ጨርሼ እከፍተውና ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤው ያለፍኩት ድግግሞሽ ያኔ ጆሮዬን ይወጋኛል። በተለይ ምልልስ ላይ «አለ»፣ «አለች» መብዛቱ።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ማሽኑ አንዳንዴ ይሳሳታል። «ሰውየው አለ» የሚለውን «ተናገረ» ለማለት ጽፌው «ይኖራል» በሚለው ያነበዋል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ቆም ብዬ ዓረፍተ ነገሩን አየዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰውም ሊሳሳትበት የሚችል ሆኖ አገኘዋለሁ።

እጅሽ ሲደክም ደግሞ ጉግል ዶክስ ላይ በድምፅ መጻፍ ትችያለሽ። አማርኛ ይሰማል። አራት ነጥቡን ግን ራስሽ ታስገቢያለሽ።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜና እሑድን ሠንጠረዡ ላይ አሳለፍኩ። 61 ትዕይንት ወጣ። «ምን ተለወጠ?» ላይ ሰባቱ ባዶ ቀሩ። ከሰባቱ አምስቱ ምዕራፍ 8 እና 14 መሃል ናቸው፤ እርግዝናውን ያስረዘሙትም እነሱ ነበሩ! ሦስቱን አውጥቼ ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርጋቸው ልጁ በጊዜው ተወለደ።

ስሟንም «ሐና» ብዬ ወሰንኩ። 40 ቦታ ላይ በሌላ ፊደል አገኘኋት። ቅጂውን በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። ስድስቱን አፖች አጥፍቻለሁ። ዛሬ ጠዋት 23ኛውን ምዕራፍ ጀመርኩ።

ነጠላ ሰረዝ፣ ያቺ የመጀመሪያ አንባቢህን እንዴት አገኘሃት?

ነጠላ ሰረዝ፦

የራሷን ልብ ወለድ ስትጽፍ ነው የተዋወቅነው። ምዕራፍ በምዕራፍ እንለዋወጣለን። «ወደድሽው ወይ?» ብዬ አልጠይቃትም። «የት ላይ ሰለቸሽ? የት ላይ ግራ ገባሽ?» ነው የምላት፤ እሷ ገጹን ጠቅሳ ትነግረኛለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ከፈለግሽ ላኪልኝ። ለሳምንት ያህል ጊዜ አለኝ።