ለሱቅ የዱቤ መዝገብ የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል? የድሬዳዋ ልጆች፣ ጥቆማችሁን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ቀፊራ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። የዱቤ ደብተሩ ከመብዛቱ የተነሳ ማን ስንት እንዳለበት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ወደ ዳታቤዝ (መረጃ በሠንጠረዥ ወደሚይዝ የኮምፒውተር መዝገብ) ላሸጋግረው አስቤያለሁ። የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ማዘዣ ቋንቋ) መሠረታዊ ትእዛዞችን ተምሬያለሁ፤ ከባዶ ተነሥቼ ግን ሠርቼ አላውቅም። ከዳታቤዝ ፕሮግራሞቹ የትኛው ይሻላል፦ ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ ወይስ ኤስኪውላይት? ለባለሙያስ ልክፈል ወይስ ራሴ ልወጣው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ሱቅና አንድ ኮምፒውተር ከሆነ ሳታመነቺ በኤስኪውላይት ጀምሪ። ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያቀርብ፣ ሁልጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም) የለው፣ የይለፍ ቃል የለው፤ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፤ መገናኘት ማለትም ያንን ፋይል መክፈት ነው። ዲቢ ብራውዘር የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ካወረድሽ ሠንጠረዡን በመዳፊት እየጫንሽ ትፈጥሪያለሽ። ምዝገባው ሳያልቅ መብራት ቢጠፋ የተጀመረው ይሰረዝና ፋይሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሠንጠረዡ አሠራር ነው። ሁለት ይበቁሻል፦ አንዱ ለደንበኞች፣ ሌላው ለተወሰደውና ለተከፈለው። የደንበኛውን ስም ግን ቁልፍ (አንዱን ደንበኛ ከሌላው መለያ) አታድርጊው። ድሬ ላይ ስንት መሐመድ አሕመድ እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ በሐመሩ ሐ የጻፍሽውን ነገ በሃሌታው ሀ ከጻፍሽው ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ተራ ቁጥር ስጪ፤ የዱቤው ሠንጠረዥ ያንን ቁጥር ይያዝ። ስልኩ በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጥ፤ ቁጥር ነው ካልሽው ፊት ያለችው ዜሮ ትጠፋለች። ገንዘቡን ወደ ሳንቲም ቀይረሽ በሙሉ ቁጥር አስገቢ፤ 85 ብር ከ50 ሳንቲም 8550 ይሆናል።

ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር መዝግበሽ ለማሳየት ብቻ ወደ እኛው ቀይሪ። ጥቅምት 30ን እንዳለ ብታስገቢው ሁለተኛ ወር፣ ሠላሳኛ ቀን ማለት ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ናት! ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን አልቀበልም ይላል። ኤስኪውላይት ለቀን የተለየ ዓይነት ስለሌለው ዝም ብሎ ይውጠዋል፤ ጉዱ የሚወጣው ዱቤው ስንት ቀን እንደቆየ ስታሰዪ ነው።

ሌላ መልስ፦ እኔ በኤስኪውላይቱ አልስማማም። ነገ ሁለተኛ ኮምፒውተር ቢጨመርስ? ያንን ፋይል በኔትወርክ አጋርቶ ከሁለት ቦታ መጻፍ መበላሸትን መጥራት ነው። ዛምፕን (የዳታቤዝ ሰርቨር አብሮት የሚመጣ ነጻ ጥቅል ነው) ጫኚ። መቆጣጠሪያው ላይ ማይኤስኪውኤል ቢልም ውስጡ ያለው ከማይኤስኪውኤል የወጣው ማሪያዲቢ ነው፤ ለጀማሪ ልዩነቱ አያስጨንቅም። ለመገናኘት አምስት ነገር ያዢ፦ አድራሻ፣ ፖርት (ሰርቨሩ የሚገኝበት የበር ቁጥር፣ 3306)፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃልና የዳታቤዙ ስም። ሎካልሆስት የሚለው አድራሻ የሚሠራው ሰርቨሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ከሌላው ስትገናኚ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ ትጽፊያለሽ፣ ፋየርዎሉም (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዘበኛ) ፖርቱን እንዲያሳልፍ ታደርጊያለሽ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ራውተር ይበቃል። ዋናው ተጠቃሚ ያለ ይለፍ ቃል ስለሚመጣ ግን መጀመሪያ ለእሱ የይለፍ ቃል ስጪው።

የመጀመሪያው መላሽ፦ የፋይሉ ነገር እውነት ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተር ሲመጣ ግን እኔ የምሄደው ወደ ፖስትግሬስ ነው። ፖርቱ 5432 ነው፤ ጥብቅነቱ መጀመሪያ ያናድዳል፣ ለገንዘብ መዝገብ ግን የምፈልገው ያንኑ ነው። መጫኛው ከ200 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አታውርጂው፤ ዋይፋይ ካለው ጓደኛ በፍላሽ ውሰጂ።

ሦስተኛ መልስ፦ ለመጫን ብቻ ብለሽ አትክፈዪ፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው። ኮምፒውተር ቤት ከሄድሽ አክሰስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) እንጫንልሽ ሊሉሽ ይችላሉ። ለትንሽ ሱቅ አይከፋም፤ ግን ፈቃዱ ይገዛል፣ አንድ ፋይሉም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። መክፈል ካለብሽ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የዩኒቨርሲቲ ልጅ የሠንጠረዥሽን ንድፍ እንዲያይልሽ ክፈዪ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። የቀረውን ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) እና ለሁለት ፍላሽ አድርጊው። በኤስኪውላይት ከሆነ ማታ ፕሮግራሙን ዘግተሽ ፋይሉን ትገለብጫለሽ፤ አንዱ ፍላሽ ሱቅ፣ አንዱ ቤት። ፍላሹን ከየትም ግዢው፣ ግን ከመተማመንሽ በፊት እስከ አፉ ሞልተሽ ፋይሎቹ መከፈታቸውን እዪ፤ 64 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ብቻ የሆነ ሞልቷል።