ወንድሜ ከዱባይ ማይና ላምጣ ይላል፤ የትኛዋን ልበለው?

ጥያቄ፣ የአራዳዋ እናት፣ ከጎንደር፦
ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ የምታወራ ወፍ ስልክ ላይ አይቶ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ «ማይና ትባላለች፤ የኮረብታና ተራ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉ። ምረጪ፣ ለፋሲካ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ» አለኝ። በምን ይለያሉ? ዘራቸው እያለቀ ነው የሚባለውስ?

ወፍ ወዳጁ፣ ማራኪ፦
እህቴ፣ አይምታታብዎት። የኮረብታዋ የምታብለጨልጭ ጥቁር ናት። ምንቃሯ ብርቱካናማ ነው፤ ከዓይኗ ሥር እስከ ማጅራቷ ላባ የሌለው ቢጫ ቆዳ አላት። ተራዋ ሰውነቷ ቡናማ፣ ራሷ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ቢጫ ነው።
በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ሁለቱም ስጋታቸው ዝቅተኛ ከሚባሉት ናቸው። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። የኮረብታዋ የእስያ ጫካ ወፍ ናት፤ የምትፈለፍለው ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ድምፅ ስለምትቀዳ ጫጩቶቿ ከጎጆ እየተለቀሙ ይሸጣሉ። ቁጥሯም እየቀነሰ ነው። የኢንዶኔዥያዋ የኒያስ ደሴት ዘመዷማ በዚሁ ንግድ ልትጠፋ አፋፍ ላይ ደርሳለች።
ተራዋ በተቃራኒው ከሰው ጋር ትባዛለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች፤ የሌሎችን ወፎች ጎጆ ትቀማለች። ደርባን ላይ ከሰው እጅ ያመለጡት ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ከተሞች ተሰራጭተዋል። አዘዞ ላይ አንድ ጥንድ ቢያመልጥስ? እኔ ሁለቱንም አልመክርም።

የጉዞ ወኪል ሠራተኛ፦
የኮረብታዋ በሳይቴስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናት። ከምትወጣበት ሀገር የሳይቴስ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ወንድምዎ በሻንጣ ደብቄ ላሳልፋት እንዳይል አደራ።

የአዘዞዋ፦
እህቴ፣ ቤይሩት የምሠራበት ቤት የኮረብታዋ ነበረች። በስሜ ትጠራኝ ነበር። ለእነዚህ ወፎች ብረት የበዛበት ምግብ መርዝ ነው፤ ጉበታቸው ላይ ይከማቻል። እኛ ያገኘነውን እናበላት ነበር። አንድ ጠዋት ሆዷ አብጦ፣ ቆጡ ላይ መውጣት አቅቷት፣ ከታች ቁጭ ብላ አገኘኋት። እስከ ማታም አልቆየች። ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

ወፍ ወዳጁ፣ ማራኪ፦
ልጁን ፋሲል ግንብ ይውሰዱት። ግንቡ ላይ ምንቃሯ ነጭ የሆነ ጥቁር ወፍ አለች፤ ስትበር ክንፏ ቀይ ቡናማ ይመስላል። ከማይና ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም አትገኝም።

የአራዳዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ተወው ብዬ ደወልኩለት። ቅዳሜ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ስንት ሰዓት ይሻላል?

ወፍ ወዳጁ፣ ማራኪ፦
ጠዋት በሩ እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይበዛ። መጀመሪያ ወደ ግንቡ አናት ቀና ብሎ ይይ።