አባቴን ከእንጦጦ ማርያም ጀምሬ በእግር ላስጎበኘው ነው፣ መንገዱን የምታውቁ እስኪ

ማርቆሴ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ቤት ተከራይቼ ከገባሁ ገና 4 ወሬ ነው። አባቴ የፊታችን ሐሙስ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል፣ እድሜው 67 ነው ግን አሁንም ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነው፣ ጉልበቱን ብቻ ትንሽ ያመዋል። በደወልኩ ቁጥር "የምኒልክን ቤት አየኸው ወይ" ይለኛል፣ እኔ ደሞ እዚሁ ስሩ እየኖርኩ እስካሁን አላየሁትም። በመኪና ወስጄ መመለስ አልፈልግም፣ ቀስ እያልን እያወራን እንድናይ ነው የምፈልገው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ብንወጣ ይሻላል ወይስ እንዴት? በአንድ ቀን ያልቃል?

የጉለሌ ልጅ፦
ሽቅቡን ተወው ወንድሜ። እስከ ማርያም በሚኒባስ ውጡና ከዛ ቁልቁል በእግር ውረዱ፣ ከተማዋ ራሷ እኮ እንደዛ ነው የወረደችው። እንጦጦ ብርዱ ከባድ ነው፣ ማገዶውም እያለቀ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ለመታጠብ እየወረዱ ሜዳውን ወደዱትና ቤት አሠሩበት፣ አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡለት፣ 1879 ዓ.ም. ማለት ነው። ግን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882፣ ሥርዓቱ የተፈጸመው እዛው ተራራው ላይ እንጦጦ ማርያም ነው። ይሄን ለአባትህ ቤተክርስቲያኑ ግቢ ቆማችሁ ንገረው፣ በጣም ነው ደስ የሚለው። ሙዚየሙንም ግቡ፣ ቤተ መንግሥቱም እዛው አጠገቡ ነው፣ የጭቃና የእንጨት ቤት ነው ኖራ የተቀባ፣ የንጉሥ ቤት ሲባል ሌላ ነገር ጠብቆ የሚመጣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያየው።

ሐኪም ቤት የምሠራ፦
ሐሳቡ ቆንጆ ነው ግን ጉልበት ለሚያመው ሰው ቁልቁለት ከዳገት ይከፋል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። አባባ ዱላ ይያዙ፣ አስፋልቱን ይዛችሁ እያረፋችሁ ውረዱ፣ አቋራጩን እርሱት። ከፍታው ደሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው አትደንግጥ፣ ቁጭ በሉና ውሃ ጠጡ። እኔ ብሆን ሁለት ቀን ነው የማደርገው። አንደኛው ቀን ከማርያም ሽሮ ሜዳ፣ ቤታችሁ ነው። በማግስቱ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ጋ ጀምራችሁ፣ የ1929ኙን እልቂት አባባ ራሳቸው ይነግሩሃል፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት አይታችሁ፣ አምስት ኪሎ ድንቅነሽን፣ ከዛ በአራት ኪሎ አርጋችሁ ፍልውሃ። እዛ ሙቅ ውሃው ውስጥ ይግቡ፣ ለጉልበታቸውም ጥሩ ነው።

እማማ የሽሮ ሜዳዋ፦
ልጄ፣ አባትህን በእግር ልውሰድ ማለትህ ተባረክ። እኔ እዚህ ነው ያደግሁት፣ ከእናቴ ጋር ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሜ ወርጃለሁ። ባሕር ዛፉን ያስመጡት ምኒልክ ናቸው፣ ከአውስትራሊያ፣ ማገዶ ጠፍቶ ነው፣ እኛም ያደግነው በሱ ነው። አንድ ነገር ልለምንህ። እንጨት የተሸከመች ሴት ቁልቁል ስትመጣ ካየህ መንገዱን ልቀቅላት፣ ዳር ውጣ። ሸክሙ ከወገቧ በላይ ስለሆነ አጎንብሳ ነው የምትሄደው፣ የምታየው እግሯን ብቻ ነው፣ ከቆመች ደሞ እንደገና መነሳት ይከብዳታል። የደረቀው ቅጠል በተለይ ጠዋት ጤዛ ላይ ያንሸራትታል። ጎብኚ መሀል ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ እናቴ ስንቴ ወድቃለች።

ማርቆሴ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ማርያም ወጣን። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አባቴ ግድግዳውን በመዳፉ ነካ ነካ አርጎ "የኛን ቤት ነው የሚመስል" አለኝና ብዙ ቆየ። እማማ፣ ስንወርድ ሁለት እናቶች ተሸክመው መጡ፣ የነገሩኝን ነግሬው ስለነበር ገና ከሩቅ ሲያያቸው ክንዴን ይዞ ዳር አወጣኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እስኪያልፉ ቆመ። አንደኛዋ ቀና ሳትል "እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ" አለችው። ነገ ፍልውሃ ነን።