«አብራሪ አለ ወይ?» ቢባል እጄን ላንሳ?

የማናሳሱ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ማናሳስ ኤርፖርት ተምሬ አምና የግል አብራሪ ፈቃድ አወጣሁ። እስካሁን 94 ሰዓት በርሬያለሁ፣ ሁሉም በሴስና 172፣ ባለአንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን። በመሣሪያ ብቻ መብረር ገና አልተማርኩም፤ ስለዚህ ደመና ውስጥ አልገባም።

ባለፈው ወር ከባለቤቴ ጋር ወደ ዴንቨር ስንሄድ አየር ላይ አንዲት እናት ታመሙ። «ሐኪም ወይም ነርስ አለ?» ተባለ። ከኋላችን የነበረች ልጅ ቀበቶዋን ፈታ ተነሳች። ሴትዮዋም ደህና ሆኑ። ባለቤቴ ዞር ብላ «አብራሪ አለ ወይ ቢሉስ ትነሳለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እስክናርፍ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም፣ ዛሬም አልወጣም።

ብነሳ ችግሩን አባብሰዋለሁ ብዬ እፈራለሁ። ቁጭ ብልስ? የሥራው ሰዎች ካላችሁ እርዱኝ። እጄን ላንሳ? ምን ብዬ ነው ራሴን የማስተዋውቀው? ኮክፒት (አብራሪዎቹ ክፍል) ብገባ ምን ልንካ፣ ምን አልንካ? በሕግስ ያስጠይቀኛል?

ጋሊ፦

ወንድሜ፣ በበረራ አስተናጋጅነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ልብህ ይረፍ። አንድ አብራሪ ቢታመም ሌላው ብቻውን ማሳረፍ ይችላል፤ ሥልጠናው ላይ ያለ ነገር ነው። እኛም ሠልጥነናል። የታመመውን ከመሪው ላይ ስበን ቀና እናደርገዋለን፣ የትከሻ ቀበቶውን እንቆልፋለን፣ ወንበሩን ወደኋላ እንገፋለን። መሪው ላይ ከተደፋ ትልቅ ችግር ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ጥሪው ከመጣ የሚፈለገው አውሮፕላኑን የሚያሳርፍ ሰው አይደለም። ለቀረው አብራሪ ሁለተኛ እጅና ሁለተኛ ዓይን የሚሆን ሰው ነው። በዚህ በኩል የምታነሳሳኝ ፓቲ ዴሉና ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 767 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ቺካጎ ሲበር ረዳት አብራሪው ታመመ። ከተሳፋሪው መሃል አብራሪ ጠፋ። አስተናጋጇ ፓቲ የ61 ዓመት ሴት ነበረች። የንግድ አብራሪ ፈቃድ አላት፣ ግን ትናንሽ አውሮፕላን ካበረረች 20 ዓመት ገደማ አልፏታል። ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ካፒቴኑን የጠየቀችው ፍሬኑ የት እንዳለ እንዲያሳያት ነው። አላውቀውም አለች፣ አሳያት፣ ቼክሊስቱን እያገዘችው ቺካጎ በሰላም አረፉ። «አላውቅም፣ አሳየኝ» ማለት ከቻልክ ተነስ።

ቀበቶ እሰሩ፦

እኔ አልስማማም። እኔም ሴስና ነው የማበረው። 172 ቢበዛ 1157 ኪሎ ነው፣ ለማረፍ በ65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር) ገደማ ነው የምንመጣው። ትልቁ የመንገደኛ አውሮፕላን ቦይንግ 737-800 ሲነሳ እስከ 79 ሺህ ኪሎ ይደርሳል፣ የሚያርፈውም በ140 ኖት አካባቢ ነው። እጃችን የለመደው ነገር እዚያ አይሠራም። በጭንቅ ሰዓት ደግሞ ሰው የለመደውን ነው የሚያደርገው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢቀመጥ ቢያንስ አይነካካም። ትንሽ የሚያውቅ ግን እጁ ይቀድመዋል። እኔ ብሆን ቁጭ እላለሁ።

ቀኝ ወንበር፦

ረዳት አብራሪ ነኝ፣ 737 ላይ። የ«ቀበቶ እሰሩ» ፍርሃት እውነት ነው። ግን መፍትሔው ቁጭ ማለት አይመስለኝም። እጅን መግዛት ነው።

እስቲ አስበው፤ ካፒቴኑ ታሞብኝ ብቻዬን ቀርቻለሁ። አውቶፓይለቱ እያበረረ ነው። እኔ ራዲዮ እመልሳለሁ፣ የቅርቡን ኤርፖርት እመርጣለሁ፣ ኮምፒውተሩን አስተካክላለሁ፣ ከአስተናጋጆቹ ጋር እነጋገራለሁ፣ ቼክሊስት አነባለሁ። ማሳረፉ አያስቸግረኝም። የሚያስጨንቀኝ ይህ ሁሉ ባንዴ መምጣቱ ነው። አንተ ራዲዮውን ብቻ ብትቀበለኝ ግማሽ ሸክሜ ወረደ።

ጥሪውን ስትሰማ ወደ ኮክፒቱ በር እንዳትሄድ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ያ በር ጥይት እንዲችል ሆኖ ተጠናክሯል፣ ወደዚያ የሚራመድ ተሳፋሪም ያስደነግጣል። የጥሪ ቁልፉን ተጫን፣ አስተናጋጇ ትምጣ፣ ፈቃድህን አሳያት። እንዲህ በል፦ «የግል አብራሪ ነኝ። 94 ሰዓት፣ ሴስና ብቻ። በመሣሪያ መብረር አልችልም። ራዲዮ መናገርና ቼክሊስት ማንበብ እችላለሁ።» ከዚህ አትጨምር፣ አትቀንስም። አልኮል ቀምሰህ ከሆነም ንገራት። በአሜሪካ ደንብ በመጨረሻዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ የጠጣ ሰው የበረራ ሠራተኛ ሆኖ አይሠራም። መናገሩ አያሳፍርም፤ አብራሪው ይወስን። ከአንተ የበለጠ ልምድ ያለው ከተገኘም ደስ ብሎህ ተቀመጥ።

ከገባህ በኋላ እግርህ መሬት ላይ፣ ከፔዳሉ ራቅ ይበል። እጅህ ጭንህ ላይ። ራዲዮ ተናገር ብትባል ቁልፉን ራስህ አትፈልግ፣ ላሳይህ። 737 መሪ ላይ የራዲዮው ቁልፍና አውቶፓይለት የሚያጠፋው ቁልፍ እዚያው አንድ እጀታ ላይ ናቸው። ኤርባስ ላይ ደግሞ የጎን መሪው ላይ ያለችው ቀይ ቁልፍ አውቶፓይለቱን ታጠፋለች። አውራ ጣትህ ስታ ብትጫናት የአንድ ሰው ሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትነካ በጣትህ አመልክት፣ «ይህን ነው?» በል፣ «አዎ» እስክትባል ጠብቅ።

ይህ የሠራበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2013 ከዴ ሞይን ወደ ዴንቨር የሚበር የዩናይትድ 737 ካፒቴን ልቡን አመመው። ነርሶች ተነሱ። የአየር ኃይል አብራሪው ማርክ ጎንጎልም ተነሳ። ቢ-1 ቦምብ ጣይ የሚያበር ሰው ነው፣ ቢሆንም መሪውን ልያዝ አላለም። ረዳት አብራሪዋ ስታበር እሱ በራዲዮና በቼክሊስት አገዛት፣ ኦማሃ ወረዱ።

በሕግ ለጠየቅከው፦ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት) ደንብ 91.3 በድንገተኛ ችግር ጊዜ የአውሮፕላኑ አዛዥ የሚያስፈልገውን ያህል ከደንቡ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። አንተን ማስገባትም አለማስገባትም የእሱ ውሳኔ ነው። የአንተ ግዴታ የነገርከው እውነት መሆኑ ነው።

ጋሊ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ቁጭ ይበል ሲባል ሁሌም ትዝ የሚለኝ የሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ 522 ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2005 ከላርናካ ወደ አቴንስ ሲበሩ አውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት አልነበረም፤ የግፊቱ መቆጣጠሪያ በእጅ የሚሠራበት ላይ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ ራሳቸውን ሳቱ። አስተናጋጁ አንድሪያስ ፕሮድሮሙ የአብራሪ ፈቃድ ነበረው። ተንቀሳቃሽ ኦክስጅን ይዞ ኮክፒት ገባ። ያን ጊዜ ግን ነዳጁ እያለቀ ነበር፣ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። ሜይዴይ (የአደጋ ጥሪ) እያለ ሲጣራ ድምፁ መቅጃው ላይ ቀርቷል። መሬት ላይ የሰማው አልነበረም። 121 ሰው አለቀ። የዚያን ልጅ ስም ማንም አስተናጋጅ እንዲረሳው አልፈልግም። የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ቀደም ብሎ ቢገባ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ።

ማማው፦

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ። ከኛ በኩል ጥቂት ልበል። ራዲዮ ላይ ከሆንክ የኛን አነጋገር ለመምሰል አትጨነቅ። በቀስታ፣ በተራ ቋንቋ ተናገር። ስንት ሰው እንደተሳፈረና ነዳጁ ስንት ሰዓት እንደሚያበር እንጠይቃለን፣ ከአብራሪው ተቀብለህ ወረቀት ላይ ጻፈው። የሰጠንህን ቁጥር ደግመህ አንብብልን። ካልሰማህ «ድገሙልኝ» በል፣ መቶ ጊዜም ቢሆን እንደግማለን።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2022 ፍሎሪዳ ፓልም ቢች ላይ ምንም የበረራ ትምህርት የሌለው ተሳፋሪ ሴስና ካራቫን አሳርፏል። አብራሪው ራሱን ስቶ ነበር። ተቆጣጣሪው ሮበርት ሞርጋን የበረራ አስተማሪም ነው፤ የኮክፒቱን ፎቶ አሳትሞ ፊቱ አስቀምጦ በቃል መራው። ካራቫን ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን አይደለም፣ አላምታታውም። ግን ሰውየውን ያዳነው ማዳመጡ ነው።

ጡረተኛው አስተማሪ፦

ልጄ፣ ሁሉም ጥሩ መክረውሃል። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ትልቅ አውሮፕላን ውስጥ «አብራሪ አለ ወይ» ሲባል ዕድሜህን ሙሉ ላትሰማ ትችላለህ። በ172ህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትበራለህ፣ ባለቤትህም ጎንህ ትቀመጣለች መሰለኝ። እዚያ ያለኸው አብራሪ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ብትታመምስ እሷ ምን ታደርጋለች? አሳይተሃታል?

እ.ኤ.አ. በ2009 በፋሲካ ቀን ዳግ ኋይት የተባለ ሰው ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ከፍሎሪዳ ሲነሳ አብራሪያቸው አየር ላይ ሞተ። ኪንግ ኤር ነበረች፣ ሁለት ሞተር ያላት። ዳግ እንዳንተው ባለአንድ ሞተር ሴስና ብቻ ነው የተማረው። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ኪንግ ኤር የሚያውቅ ጓደኛው ጋ ኮነቲከት ደወለ፤ ጓደኛው በስልክ የሚለው በራዲዮ እየተላለፈለት ፎርት ማየርስ አሳረፋት። መጀመሪያ ያደረገው ራዲዮ ላይ መናገር ነው። ለዚያም ቁልፉ የቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። አንተም ለባለቤትህ ቢያንስ ይህን አስተምራት። አኦፓ የሚባለው የአብራሪዎች ማኅበር አብራሪ ላልሆኑ የጉዞ ጓደኞች ያዘጋጀው ትምህርትም አለ።

የማናሳሱ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሳነብ ደነገጥኩ። ስድስት ጊዜ አብራኝ በርራለች። አንድም ቀን አላሳየኋትም።

ቅዳሜ ወሰድኳት። ሞተር ሳናስነሳ ቁጭ አልን። በእሷ በኩል ያለው መሪ ላይ የራዲዮውን ቁልፍ በቀይ ፕላስተር ጠቀለልኩት። የድንገተኛ ጊዜ የራዲዮ መስመሩን ቁጥር፣ 121.5 ብዬ በትልቁ ጽፌ ፊቷ ለጠፍኩ። ራዲዮው ጠፍቶ እያለ ቁልፉን ተጭና «ባለቤቴ ታሟል፣ እኔ አብራሪ አይደለሁም፣ እርዱኝ» አለች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ። ከዚያ «ተናግሬ መልስ ባይመጣስ?» አለችኝ። ማማው፣ ይህን አንተ ብትመልስላት ይሻላል።

ለመጀመሪያው ጥያቄዬ፦ እነሳለሁ። ቀኝ ወንበር የሰጠኝን አራት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ከፈቃዴ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ማማው፦

እህቴ፣ ተናግረሽ ስትጨርሺ ጣትሽን ከቁልፉ ላይ አንሺ። ተጭነሽ ከያዝሽው ብንጠራሽም አይሰማሽም። ለቀሽው ጠብቂ፣ እስከ አስር ቁጠሪ፣ ድገሚ።