ሙቀት የሚችል አልጌ ባሕር ውስጥ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ? የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች ክርክር

መምህሩ (ደሴ)፦ ጀማው፣ እንዴት አላችሁ? ዛሬ ከፖለቲካ ትንሽ እንረፍ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ያበሉታል፤ እሱ ደግሞ ያስጠልላቸዋል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለያያሉ። ኮራሉ ይነጣል፣ ይራባል፣ ከቆየም ይሞታል። የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ (ሪፍ ኮራሎች ተከማችተው የሠሩት የባሕር ውስጥ ግንብ ነው) ከ2016 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ 5 ጊዜ በጅምላ ነጥቷል። አሁን ሳይንቲስቶች ሙቀት የሚችል አልጌ በላብራቶሪ እያራቡ ነው። ጥያቄዬ፦ ይህ አልጌ ባሕር ውስጥ ይለቀቅ?

ነጋዴዋ (ደሴ)፦ ወይ ጉድ! ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ባሕር እንከራከር? እኛን ምን አገባን?

የድሮ የአሰብ ሾፌር (ኮምቦልቻ)፦ እቴ፣ እንዲህማ አይባልም። በባቲ ወርደን፣ ሚሌን አልፈን፣ አሰብ ስንመላለስ ነው ያረጀነው። ወላሂ ውሃው ጥርት ሲል ከታች የሚታየው ቀለም ሌላ ነው። ብቻ ይኼ የፈጠረውን መነካካት አይጥመኝም።

መምህሩ፦ ደግሞ ባሕሩ ራሱ አንድ ጊዜ ወደኛ መጥቶ ነበር። ዳናክል ውስጥ ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የኮራል ሪፍ ዛሬም ደርቆ ይታያል። ጎረቤታችን ነው እኮ!

ተማሪዋ (ወልዲያ)፦ እኔ ይለቀቅ ባይ ነኝ። አባባ፣ አንቱ እንደሚፈሩት አይደለም። ከሌላ ፍጥረት የገባ ጂን የለበትም። ተመራማሪዎቹ አንድ የአልጌ ዓይነት 31 ዲግሪ ላይ ለ4 ዓመት አራቡ። ሙቀቱን የቻለው ቀጠለ፣ ያልቻለው ቀረ። ከዚያ የተገኙ 10 ዘሮችን ለኮራል እጮች ሰጡ። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት 3ቱ እጮቹ ሙቀት እንዲቋቋሙ ረድተዋል።

የግብርና ባለሙያው (ወረኢሉ)፦ 7ቱስ? እህቴ፣ እሱን ለምን ዘለልሽው? 10ሩም ለብቻቸው ሲሆኑ ሙቀት ችለዋል። ኮራሉ ውስጥ ሲገቡ ግን 7ቱ ምንም አልፈየዱም። አብሮ መኖር የሁለት ዘረመል ጉዳይ ነዋ! የአንዱን ብቻ አሻሽለሽ አትጨርሺውም።

እኛ ይህን ባቄላ ላይ እናውቀዋለን። ሥሩ ላይ ያለችውን እባጭ ሰንጥቃችሁ ውስጧ ቀላ ካለ፣ ባክቴሪያው ናይትሮጂን እያቀረበ ነው። ተመርጦ የተራባ ባክቴሪያ በዘሩ ላይ ተለውሶ ይዘራል። አንዱ ማሳ ላይ ግሩም ይሠራል። ሌላው ላይ ግን አፈሩ ውስጥ ድሮም የነበረው ባክቴሪያ ቀድሞ ሥሩን ይይዛል። እሱ ደግሞ ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ብልቃጥ ውስጥ ያሸነፈ ሁሉ ማሳ ላይ አያሸንፍም። ባሕር ደግሞ ከማሳ ይሰፋል።

ተማሪዋ፦ ልክ ነው፣ ኮራልም ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። አልጌው ላይ ያለውን ስኳር እየለዩ የሚይዙ ፕሮቲኖች አሉት። አብዛኛው ኮራልም አልጌን ከእናቱ አይወርስም። እጩ አድጎ ከባሕሩ ይወስደዋል።

የግብርና ባለሙያው፦ እኮ! እንግዲያው ዛሬ ለእናቲቱ የሰጠሽው ነገ ለልጅቷ አይደርስም። በየጊዜው ልትረጪ ነው?

ተማሪዋ፦ በእንቁላላቸው የሚያስተላልፉ አሉ። ከእነሱ መጀመር ይቻላል።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀት የሚችል አልጌ በተፈጥሮም አለ፣ ዱሩስዲኒየም ይባላል። እሱን የያዘ አንድ ዓይነት ኮራል ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ የሚሆን ተጨማሪ ሙቀት እንደሚችል በ2006 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ግን ዋጋ አለው። ሕፃን ኮራሎች ሌላውን አልጌ ሲይዙ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ፈጥነው አድገዋል። ሙቀት የቻለው ስስታም ነው ማለት ነው፣ ለባለቤቱ ብዙ አያካፍልም።

ተማሪዋ፦ ቀጭጮ መኖር ከመሞት አይሻልም?

ሾፌሩ፦ ልጄ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀይ ባሕር የስንት አገር ነው? ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ የመን፣ ሳዑዲ... አንዱ ቢለቀው ሌላው ምን ያደርጋል? አልጌ እንደ እኛ መኪና ኬላ ላይ አይቆምም።

ተማሪዋ፦ ይኼን አልመለስኩትም፣ እውነት ነው። ግን ዝም ማለትም ውሳኔ ነው አባባ። እስክንስማማ ድረስ ውሃው አይጠብቀንም።

ነጋዴዋ፦ ምን አገባን ብዬ ነበር፣ ይኸው ገባሁበት። ባሕሩን ያሞቀው ጭስ ነው አይደል? አልጌው ሙቀት ቻለ ከተባለ ጭሱን የሚያቆም ማን ነው? "መፍትሔ አገኘን" ብለው ማጨሳቸውን ይቀጥላሉ።

መምህሩ፦ ለዚህስ ማን መልስ አለው?

ተማሪዋ፦ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጊዜ መግዣ ነው ይላሉ እንጂ ጭሱን ይተካል አላሉም።

ነጋዴዋ፦ የሚያጨሱት እነሱ አይደሉማ!

የግብርና ባለሙያው፦ እኔ "አይለቀቅ" ላይ ነኝ፣ ለጊዜው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሪፍ ላይ ይሞከር። ክረምትና በጋ ይለፍበት። ከዚያ ኮራሉ ተከፍቶ ውስጡ የቀረው የትኛው አልጌ እንደሆነ ዘረመሉ ይታይ። የሰጡት ነው ወይስ ድሮ የነበረው? ውጤቱን አምጪልኝና ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ተማሪዋ፦ በሱ ሙግት የለኝም። ግን ያ ሙከራ ራሱ መልቀቅ አይደለም እንዴ?