እናቴን ስስል ለምን ይበላሽብኛል?

ጠያቂ፦ ትንሽ ከተማ ነው የምኖረው። ጫማ ሰፊውን፣ ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋውን ዘበኛ ስስል እጄ ይፍታታል። እናቴ ጋ ስደርስ ጉድ ነው! ሽብሽቧን ሁሉ አጠፋና የማላውቃት ሴትዮ ትወጣለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፊቷን ለጊዜው ተወው፤ ልማዷን ፈልግ። እኔ አባቴን ያገኘሁት መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ነው። አንገቱን ሰበር፣ ከንፈሩን ነከስ። ዓይኑ እንኳ አይታይም፤ ያየ ሁሉ ግን «እሱ ራሱ!» አለ።

መልስ፦ የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ አርል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሲኖር የፖስታ ሠራተኛውን ጆሴፍ ሩላንን በ1888 እና በ1889 እ.ኤ.አ. ደጋግሞ ስሎታል። ሚስቱንና ልጆቹንም እንዲሁ። አንዴ ሞክረህ አትተው።

ጠያቂ፦ ትናንት መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ሳልኳት። አፍንጫዋ አሁንም ተንሻፏል። እሷ ግን «ውይ፣ ክሩን በምላሴ ሳረጥብ አየኸኝ?» ብላ ሳቀች።