ክርክር፦ የመላጫ ሳሙና ሽታ እንደ ወቅቱ ይመረጥ ሲባል፣ የየትኛው አገር ወቅት?

አወያይ
ባለፈው ሳምንት የመላጫ ሳሙና ሽታን በየወቅቱ የሚመድብ፣ ከባሕር ማዶ የተተረጎመ አንድ ሠንጠረዥ እዚህ ቀርቦ ነበር። «በክረምት ዕጣን፣ ሰንደልና ቅርንፉድ፤ በበጋ ሎሚ፣ ቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) እና ሚንት» ይላል። ሠንጠረዡን ያቀረቡት አባል ጸጉር ቤቶች ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ቢሠሩ ይሻላል የሚል ሐሳብ ስላከሉበት ውይይቱ ወደ ክርክር ተለውጧል። ተሳታፊዎች ከጉዳዩ እንዳይወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለ ብሩሹ (አዲስ አበባ)
ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። የሠንጠረዡ ባለቤት «ክረምት» ያለው በረዶ የሚጥልበትን፣ አየሩ ደርቆ ከንፈር የሚሰነጠቅበትን የታኅሣሥና የጥር ወቅት ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው፣ ዝናብና ጭቃ የሚበዛበት፣ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ የማይደርቅበት ወቅት ነው። እነርሱ ብርድ ልብስ በሚደርቡበት በጥር እኛ በጋ ላይ ነን። እንግዲህ ሠንጠረዡን ቃል በቃል የተከተለ አዲስ አበቤ በጥር ማለዳ፣ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ሳለ፣ ፊቱን በሚንት አረፋ ሊያቀዘቅዝ ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ምላጩ ከጆሮዬ ሥር ሲደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትርጉሙ ቢስተካከል እንኳ ሐሳቡ ለእኛ አይሠራም ባይ ነኝ። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ በአንድ የጥር ቀን ማለዳና እኩለ ቀን መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ በሐምሌና በጥር አማካይ ሙቀት መካከል ካለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ሽታ በሙቀት ይመረጥ ከተባለ መመረጥ ያለበት በሰዓት እንጂ በወር አይደለም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)
ባለ ብሩሹ ለአዲስ አበባ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ የትም አይሠራም ከተባለ አልቀበልም። እዚህ በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በሐምሌ ደግሞ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ አየሩ ውኃ ያዘለ ነው። ሽታ የሚባለው ተንኖ አፍንጫ የሚደርሰው ቅመም ስለሆነ ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይፈጥናል፤ በጥር ልብ የሚያሞቀው ያው የዕጣንና የቅርንፉድ ሽታ በሐምሌ ታፍኖ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ ቅጣት ይሆናል። እኔ በጥር ዕጣን ያለበትን ሳሙና የማወጣው ደግሞ ሠንጠረዥ አይቼ አይደለም። መስኮቱ በረዶ ለብሶ፣ የብሩሹ እንፋሎት መስተዋቱን ሲሸፍነው፣ ያ ሽታ እናቴ ቡና ስታፈላ የምትጨምረውን ዕጣን ያስታውሰኛል።

ከአቡ ዳቢ
በአጭሩ ልናገር። እኛ ያሉን ወቅቶች ሁለት ናቸው፤ ደጅና ቤት ውስጥ። ሐምሌ ላይ ደጁ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቢሮው ማቀዝቀዣ ግን ሹራብ ያስለብሳል። ደግሞስ ሠንጠረዡ «ከባድ ሽታ በሙቀት አይሆንም» ካለ፣ የዚህ አገር ሰዎች በዚያ ቃጠሎ ዑድ የተባለውን ከባድ ሽቶ ተቀብተው፣ ልብሳቸውን በባኹር ጢስ አጥነው ሲወጡ ምን ሊባል ነው? ማንም አፍንጫውን ሲይዝ አላየሁም። ልማድ የሚያስተምረውን ቴርሞሜትር አያስተምርም።

የፋርማሲ ባለሙያዋ
እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ አፍንጫ ነው፤ እኔ ስለ ቆዳ ላንሣ።

በመጀመሪያ የመላጫ ሳሙና ታጥቦ የሚወገድ ነገር ነው። ፊት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ ሽታው ተሳፋሪን ያስቸግራል የሚለው ክስ በአብዛኛው የሚመለከተው ከመላጨት በኋላ የሚቀባውን ኮሎኝ ነው። ሁለቱን ለይተን ብንከራከር መልካም ነበር። ሚንትንም በተመለከተ በውስጡ ያለው ሜንቶል ቆዳን በእርግጥ አያቀዘቅዝም፤ የሚያነቃው ቅዝቃዜን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህን ተቀባይ በየፊናቸው የለዩት በዚሁ በሜንቶል ነበር። የባለ ብሩሹ ፊት በጥር ማለዳ ከእውነተኛው ብርድ ላይ የሐሰቱን ደርቦ ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ለበጋ ሎሚና ቤርጋሞት» የሚለው ምክር ነው። ቤርጋሞት በብዛት የሚበቅለው በጣሊያን ካላብሪያ ሲሆን፣ ከልጣጩ ተጨምቆ የሚወጣው ዘይት ቤርጋፕተን የተባለ ቅመም አለበት። ይህ ቅመም ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ማድያት የሚመስል ጥቁር ምልክት ለወራት ይተዋል። ኮሎኝ አንገት ላይ በፈሰሰበት መስመር የሚወጣው ይህ ምልክት በሕክምና የራሱ ስም እስኪሰጠው ድረስ የታወቀ ነው። የእኛው ሎሚና ጤና አዳምም የዚሁ ዘመድ ቅመም አላቸው። ሳሙናው በደንብ እስከታጠበ ድረስ አያሰጋም፤ ነገር ግን ተላጭቶ ወዲያው ሎሚ ቆርጦ አገጩን የሚያሽ ሰው፣ ሰማዩ በጠራበትና የከፍታው ፀሐይ በሚያይልበት በጋ ወደ ሥራ ሲወጣ አስቡት። ሠንጠረዡ ሎሚን የመደበው ለዚያው ለፀሐዩ ወቅት ነው።

ሕግ ይውጣ ከተባለ ደግሞ ስለ ወቅት ከሚወጣ ይልቅ ስለ ማሸጊያው ጽሑፍ ቢወጣ እደግፋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ የሚያስነሡ 26 የሽታ ቅመሞች ከተወሰነ መጠን ሲያልፉ በስማቸው እንዲጻፉ ያስገድድ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ዝርዝሩ ከ80 በላይ ሆኗል። «ፓርፉም» የሚል አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበት ሳሙና የሚገዛ ሰው፣ ፊቱ ሽፍታ ሲያወጣ የትኛውን ቅመም እንደሚሸሽ በምን ያውቃል?

ጸጉር አስተካካዩ (ደብረ ብርሃን)
እኅታችን የተናገሩት ነካኝ፤ ሎሚውን እኔም አደርገዋለሁ። ደንበኛው ራሱ ነው የሚጠይቀው። «ካላቃጠለኝ የተላጨሁ አይመስለኝም» ይላል፤ አልኮል ሳደርግለት ፊቱን ቋጥሮ፣ ሎሚ ስጨምርበት ደግሞ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። ከአሁን በኋላ ሎሚውን እተዋለሁ፤ ፈገግታው እንዴት እንደሚሆን እናያለን።

ጸጉር ቤቶች ሽታን በወቅት ይቀያይሩ ለሚለው ግን መልሴ አይሆንም ነው። የእኔ ቤት ሁለት ወንበር ብቻ አላት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል በሩን ዘግተን ነው የምንሠራው፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ቅርንፉዱን ባነሣው ተራ የሚጠብቁት አምስት ሰዎች ሳይላጩ ይሸታቸዋል። ሐምሌ ላይም ዝናቡ ስለሚያስዘጋን ያው ነው። አራት ዓይነት ሳሙና ገዝቼ ሦስቱን መደርደሪያ ላይ አድርቄ ዋጋውን ከማን ልቀበል? ሽታው ለስለስ ያለ አንድ ሳሙና ይዤ፣ ሽታ የማይስማማው ካለ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ባለ ብሩሹ (አዲስ አበባ)
በጸጉር ቤቱ ጉዳይ ከወንድማችን ጋር እስማማለሁ፤ በቤት ውስጥ ምርጫ ግን አንድ የዘነጋነው ነገር አለ። ፕሮራሶ የተባለው የፍሎረንስ (ጣሊያን) ኩባንያ አረንጓዴው የመላጫ ሳሙና የባሕር ዛፍና የሜንቶል ሽታ አለው፤ ሠንጠረዥ አውጪዎቹም ለሙቀት ጊዜ ይመድቡታል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተማችንን ከሞላ ወዲህ ግን ለእኛ የጉንፋን ጊዜ ሽታ ነው፤ ቅጠሉ በድስት ፈልቶ፣ ጋቢ ተከናንበን እንፋሎቱን የምንስብበት። እኔ ያንን ሳሙና የማወጣው ነሐሴ ላይ፣ ጣሪያው በዝናብ ሲንጫጫ ነው። ከአቡ ዳቢ የጻፉት ወንድም ስለ ልማድ ያሉት እዚህ ላይ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ ምንም እንኳ ስለ ዑዱ አሁንም ብጠራጠርም።

ሠንጠረዡን ያቀረብኩት
ጸጉር ቤቶችን የሚመለከተውን ሐሳቤን አንሥቻለሁ። በሠንጠረዡም «ክረምት» እና «በጋ» የሚሉትን ቃላት ሰርዤ የወር ስም አስገባለሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግና አዲስ አበባም ለየብቻ ዓምድ ይኖራቸዋል። ከሎሚው አጠገብ «በደንብ ታጥቦ» ብዬ እጽፋለሁ። በአዲስ አበባ ዓምድ የነሐሴ ረድፍ ባሕር ዛፍን አስገብቻለሁ፤ የጥር ረድፍ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ባለ ብሩሹ፣ ለማለዳው ነው ለቀትሩ የምሞላው?